የቧንቧ ሠራተኛው ሒሳብ፤ ከኪዮቶ እስከ ሪራ

መጋዘን ውስጥ የተኛ ዕቃ ያለው ነጋዴ እንቅልፍ የለውም። ኪራዩ ይቆጥራል፣ ወለዱ ይቆጥራል፣ ገዢው ደግሞ ልቡ ወደ ሌላ ፋሽን ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በአሜሪካ የገጠመው ይኸው ነበር። ኩባንያው “ራዳር ስኮፕ” የሚባሉ፣ ሳንቲም እየተጨመረባቸው የሚሠሩ 3,000 ያህል የጨዋታ ሳጥኖች ወደ አሜሪካ አስጭኖ ነበር። ዕቃው ውቅያኖስ አቋርጦ እስኪደርስ ገበያው ቀዘቀዘ። 1,000 ያህሉ ሲሸጥ 2,000 ያህሉ መጋዘን ውስጥ ቀረ።

መርካቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ዕቃ በወረደ ዋጋ በደላላ በኩል ይለቀቅ ነበር። የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ግን ሳጥኑ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ያለው ጨዋታ ብቻ እንዲለወጥ አዘዙ። ሥራውም ሺገሩ ሚያሞቶ ለሚባል በኢንዱስትሪ ንድፍ ለተመረቀ ወጣት ተሰጠ። ወጣቱ ያወጣው “ዶንኪ ኮንግ” የተሰኘ ጨዋታ ነው። አንድ አጭር አናጢ የሚንከባለል በርሜል እየዘለለ፣ ከእርከን ወደ እርከን እየወጣ፣ ጎሪላ የወሰደበትን ሴት ለማስመለስ ይታገላል። የተኛው ዕቃ ተሸጦ አለቀ። ከዚያም አልፎ አዲስ ሳጥን በአሥር ሺዎች ታዘዘ።

የአናጢው ስም ከመጋዘን ኪራይ የተገኘ ነው ይባላል። የመጋዘኑ ባለቤት ማሪዮ ሴጋሊ ያደረ ኪራያቸውን ሊጠይቁ መጥተው ከቅርንጫፉ ኃላፊ ጋር ከተጨቃጨቁ በኋላ ሠራተኞቹ ለአናጢው የአከራዩን ስም አወጡለት። ሰውየው የስማቸውን ድርሻ ቼክ ገና እየጠበቁ እንደሆነ በኋላ በቀልድ ተናግረዋል። ያ ስም ዛሬ ያለውን ዋጋ ያየ አከራይ ግን ከኪራይ ይልቅ ድርሻ መጠየቅ ይሻል እንደነበር ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1985 “ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ” በጃፓን ገበያ ላይ ሲውል አናጢው የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ያህል ሆኖታል። የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻውን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። በሮቤና በጎባ ያለ፣ ዛሬ ሱቅ ከፍቶ ልጆች የሚያሳድግ ጎልማሳም የዚያን ዜማ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች ቢሰማ አውራ ጣቱ ሳያውቀው ይንቀሳቀሳል። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያውያን ልጆች ለዚህ ሰው ሳንቲም ከፍለዋል፤ ገንዘቡ የት ገባ?

ሒሳቡ ከምርቱ ቢጀመር ይሻላል። ጨዋታው በሙሉ የያዘው ቦታ 40 ኪሎ ባይት ነው። ዛሬ በተራ ስልክ የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ ይህን ብዙ ጊዜ እጥፍ ይበልጠዋል። ቦታ ስለጠበባቸው ሠሪዎቹ የሚገርም ቁጠባ አድርገዋል። በሰማይ ላይ የሚታየው ደመናና በመሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ተለውጧል። አንዱን ጨርቅ ገልብጦ ሁለት ልብስ እንደሚሠራ ብልህ ልብስ ሰፊ ማለት ነው።

ከቁጠባው በላይ ግን ለንግድ ሰው የሚጠቅመው የመጀመሪያው ሜዳ አሠራር ነው። ማሪዮ በግራ ጠርዝ ይቆማል፤ በስተቀኝ ባዶ ሜዳ አለ፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንድ ክፉ ፍጡር እየተንፏቀቀ ይመጣል። ካልዘለለ ይሞታል፤ ሞቱ ግን ገና በመጀመሪያው እርምጃ ስለሆነ የሚያስቆጭ ነገር የለውም። ሁለተኛ ይሞክራል፣ ይዘላል፣ አናቱ ከላይ ያለውን ሳጥን ይመታል፣ ሳንቲም ይወጣል። ልጁ አንድም ቃል ሳያነብ የጨዋታውን ሕግ ተማረ። እንግሊዝኛም ሆነ ጃፓንኛ የማይችል የባሌ ልጅ ከኪዮቶ የመጣውን ዕቃ ያለ አስተርጓሚ የተጠቀመበት ምክንያት ይኸው ነው። የአጠቃቀም መመሪያ የማይፈልግ ሸቀጥ ድንበር አያቆመውም።

የሽያጩ ሥርዓት ደግሞ እንደ ምርቱ የዋህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የጨዋታ ገበያ ተንኮታኩቶ ነበር። ማንም እየተነሳ የማይረባ ጨዋታ ስለሚያወጣ መደብሮቹ በማይሸጥ ዕቃ ተጥለቀለቁ፤ ገዢውም ሸሸ። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 መጨረሻ እዚያ ገበያ ሲገባ በመሣሪያው ውስጥ ያልተፈቀደ ካሴት የሚከለክል ቁልፍ ቺፕ ከተተ። ለእሱ መሣሪያ ጨዋታ የሚሠራ ሌላ ኩባንያ በዓመት ከ5 በላይ እንዳያወጣ ገደበ፤ ካሴቱንም ራሱ አምርቶ ለጨዋታ ሠሪዎቹ ይሸጥላቸው ነበር። ነፃ ገበያ ነው ለማለት ያስቸግራል። ወፍጮውም የእሱ፣ እህሉም የእሱ፣ መንገዱም የእሱ ነበር። ሆኖም የገበያውን ስም ከውድቀት ያዳነው ይኸው ጥበቃ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ኩባንያውን የሚኮንኑት ብዙዎች ቢሆኑም ዕቃው እንዳይረክስ መጠበቁ ትክክል ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ማሪዮ ግን በዚህ በር አልገባም። በታይዋን የሚገኙ ፋብሪካዎች የመሣሪያውን ቺፖች አስመስለው ሠሩ። ከዚያ በየስሙ የተለጠፈ ርካሽ ሳጥን የእስያን፣ የምሥራቅ አውሮፓንና የአፍሪካን ገበያ ሞላ። በአገራችን “ቲቪ ጌም” እየተባለ ከውጭ አገር በሚመለሱ መንገደኞች ሻንጣና በአስመጪዎች ጭነት ገባ፤ ከመርካቶም ወደ ክፍለ ሀገር ወጣ። ከሳጥኑ ጋር የሚሸጠው ካሴት በላዩ ላይ “999 ጨዋታ” ወይም ከዚያ የበለጠ ቁጥር ተጽፎበት ይመጣል። ሲከፈት ጥቂት ጨዋታዎች ስማቸውና መነሻ ሜዳቸው እየተቀያየረ የሚደጋገሙበት ነው። ሚዛን መምታት በእህል ብቻ አይደለም።

በዚህ መንገድ ላይ ትርፍ ያላገኘ ሰው የለም፤ ፋብሪካው፣ አስመጪው፣ ጅምላ ሻጩ፣ ቸርቻሪው፣ በመጨረሻም ቴሌቪዥን ገዝቶ ቤቱን ጌም ቤት ያደረገው ሰው ሁሉም ድርሻቸውን አንስተዋል። ድርሻ ያልደረሰው ማሪዮን የፈጠረው ብቻ ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ልጆቹ ጨዋታውን ጠግበውት ከተውት በኋላ ነው። የኪዮቶው ኩባንያ በዚህ ደሀ ሆነ ማለት አይደለም፤ የማይከፍል ገበያ ለእሱ ገበያ አልነበረምና። የተጎዳው ሌላ ወገን ነው፤ ወደኋላ እንመጣበታለን።

የጌም ቤቱ ሒሳብ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ማሪዮ ከጌም ቤት የጠፋው ስለተጠላ ይመስላቸዋል ብዙዎች። እውነቱ ወንበር ነው። ለሒሳብ ያህል የአንድ ሰዓት ዋጋ 30 ብር ነው እንበል። ማሪዮን የለመደ ልጅ ተቀምጦ ድብቁን ቧንቧ ያውቃል፣ ከአንደኛው ዓለም ወደ አራተኛው፣ ከዚያ ወደ ስምንተኛው ይሻገራል። በሦስት ነፍስ የጀመረው ሰዓቱን ይጨርሳል። ከኋላው ቆመው የሚያዩት ስምንትና አሥር ልጆች ይጮኻሉ፣ ይመክራሉ፣ አየሩን ያሞቁታል፤ የሚከፍል ግን አንድ ነው። የቤቱ ገቢ 30 ብር ሆነ። በዚያው ወንበር ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ ቢከፈት አንድ ግጥሚያ በ10 ደቂቃ ያልቃል። ሁለት ሰዎች ይጫወታሉ፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ተሸናፊው ደግሞ እልህ ይይዘውና ይደግማል። አንዱ ግጥሚያ 10 ብር ቢሆን በሰዓት 60 ብር ነው። ከጆተኒና ከከረምቡላ ቤት የተወረሰው “ተሸናፊ ይከፍላል” የሚለው ደንብ ማሪዮን ገደለው፤ ምክንያቱም በማሪዮ የሚያሸንፍህ ሰው ሳይሆን ገደል ነው፤ ገደል ደግሞ አይከፍልም፣ አያስከፍልም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፕሌይስቴሽን የሶኒ ነው፤ ማሪዮ ደግሞ በሶኒ መሣሪያ ላይ አይሠራም። የሶኒ ጨዋታ በሲዲ ይገለበጣል፤ ቅጂውም ርካሽ ነው። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1996 “ሱፐር ማሪዮ 64”ን ሲያወጣ ገና በካሴት ላይ ነበር፤ ካሴት ለመቅዳት ደግሞ ወጪ አለው። ስለዚህ ጌም ቤቶቻችን ሁሉ ወደ ሶኒ ዞሩ። ማሪዮ በሦስት አቅጣጫ ሲሮጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በፕላኔቶች መካከል ሲንሳፈፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በከተማ ጎዳና ላይ ኮፍያውን ሲወረውር የአገራችን ተጫዋች በብዛት አላየውም። ለኢትዮጵያዊው ጎልማሳ ማሪዮ ዛሬም የ1985ቱና የ1988ቱ ነው። ከሰውየው ጋር ሳይሆን ከሚሸጥበት ሥርዓት ጋር ነው የተለያየነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። የሮቤ ባለሀብት ገንዘቡን በስንዴ ያፈራ ሰው ነው። ኮምባይነር ገዝቶ በሲናናና በአጋርፋ ማሳ ላይ ያከራያል፤ ትርፉን በዋናው መንገድ ዳር ሕንፃ ያደርገዋል። ሕንፃው ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ባንክ ይቀበለዋል። የሥዕል ሰው ላይ ገንዘብ አፍስስ ቢሉት ይስቃል። ኒንቴንዶም ቢሆን ሁሉን አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1889 የመጫወቻ ካርታ አምራች ሆኖ የተቋቋመው ይህ ኩባንያ በ1960ዎቹ ታክሲና ፈጣን ሩዝ ሞክሮ አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1993 በማሪዮ ስም የተሠራው የሆሊውድ ፊልም ወጪውን አልመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሌላ ፊልም ግን ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በሁለቱ መካከል 30 ዓመት አለ። ስንዴ በየበልጉና በየመኸሩ ሒሳቡን ይዘጋል፤ ሥዕል ግን የሚከፍልበትን ቀን አይናገርም። ባለሀብቱ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ባለሀብቱ ጥሬ ዕቃውን አይቶት ያውቃል ወይ? ከሮቤ የስንዴ ሜዳ ተነስቶ በጎባ በኩል የሚሄድ ሰው ወደ ሳነቲ አምባ ይወጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ብርዳም ሜዳ ላይ ጅብራ ቆሟል፤ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይከዳል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሪራ ይደርሳል፤ ጭጋግ፣ ቀርከሃ፣ ግዙፍ ዛፍ። ከሪራ በታች ቡና ሳይተከል የሚበቅልበት የሐረና ጫካ ይቀጥላል። ሜዳው፣ በረዷማው ከፍታ፣ ገደሉ፣ ጫካው፤ የማሪዮ ሠሪዎች ወረቀት ላይ ተቀምጠው የፈለሰፏቸው “ዓለማት” እዚህ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተደርድረዋል።

ፍጡራኑም አሉ። በባሌ ብቻ የሚገኝ አንድ ግዙፍ ፍልፈል በሳነቲ ሜዳ ላይ ከጉድጓድ ብቅ ብሎ ሣር ጎትቶ ይመለሳል። ቀይ ቀበሮ ጉድጓዱ አፍ ላይ ድምፅ ሳያሰማ ይጠብቀዋል፤ ብቅ ሲል ይዘላል፤ አንዳንዴ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ይስታል። ከቧንቧ ብቅ ጥልቅ የሚለውን የማሪዮ ጠላት ያየ ሰው ይህን ሲያይ ፈገግ ሳይል አያልፍም። የቀይ ቀበሮ ቁጥር በዓለም ከ500 በታች ነው፤ ከግማሽ በላዩም የሚኖረው በባሌ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሦስት ነፍስ ብቻ የቀረው ባለታሪክ ለጨዋታ ሠሪ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ማስታወቂያው በዩኔስኮ በኩል አስቀድሞ ተከፍሏል።

ሠሪ የለም እንዳይባል አርአያው አለ። “ቅኔ ጌምስ” የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት “ኩኩሉ” የተሰኘ የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። ከገበሬ እጅ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት። ስሙ ከዶሮ ጩኸትና ከድብብቆሽ ጨዋታ የመጣ ስለሆነ ለአበሻ ልጅ ማብራሪያ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአህጉሩ የስልክ መተግበሪያዎች ውድድር በመዝናኛ ዘርፍ ሽልማት አግኝቷል። ድርጅቱ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። የዶሮ ወጥ ዋጋ በየበዓሉ በሚያሳስብበት አገር ከድስት የምታመልጥ ዶሮን ጀግና ማድረግ ጥሩ የገበያ ብልሃት ነው።

ወደኋላ እንመጣበታለን የተባለው የተጎጂ ጉዳይ እዚህ ይገባል። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ጨዋታ ማለት በየካሴቱ 999 የሚገኝ፣ ባለቤት የሌለው፣ ዋጋው የሳጥኑ ዋጋ ብቻ የሆነ ነገር እንደሆነ የተማረ ገበያ ዛሬ ለአገሩ ልጅ ጨዋታ አልከፍልም ቢል አይደንቅም። ማሪዮን በነፃ መውሰዳችን ኪዮቶን አልጎዳም፤ የጎዳው ዛሬ “ኩኩሉ”ን የሠሩትን ነው። ለወንበር መክፈል ለምደናል፤ ለፈጠራ መክፈል አልለመድንም።

ኒንቴንዶ ራሱ በዚህ ተቸግሯል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 “ሱፐር ማሪዮ ረን”ን በስልክ ሲያወጣ መጀመሪያውን በነፃ ሰጥቶ ቀሪውን አንድ ጊዜ በሚከፈል 9.99 ዶላር ሸጠ። በመቶ ሚሊዮኖች አወረዱት፤ የከፈለው ግን ኩባንያው ከጠበቀው በታች ነበር። በቶኪዮና በኒውዮርክ ያለው ካርድ ያለው ደንበኛ ይህን ካደረገ የሮቤው ወጣት ምን ያደርጋል? ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ የለውም። በአንፃሩ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጁ ነው፤ ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተጨምሯል። ከ9.99 ዶላር ይልቅ በአምስትና በአሥር ብር የሚከፈት አንድ ሜዳ ለዚህ ኪስ ይስማማል። ጌም ቤቱ ሲያስተምረው የኖረውም ይኸንኑ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ እልህ ሲይዝ።

የሐረናን ሰው በተመለከተ ደግሞ የስም ጉዳይ አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የይርጋ ጨፌንና የሐረር ቡናን ስም በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነስታ ከስታርባክስ ጋር የተካረረችውና እ.ኤ.አ. በ2007 የተስማማችው ቡናው ስለጠፋ ሳይሆን ስሙ ዋጋ ስላለው ነበር። ሐረና በሦስቱ ስሞች ውስጥ የለም። የጫካ ማሩም እንዲሁ ነው። የገጠር ማር በአገራችን ብዙ ጊዜ ገበያ የሚደርሰው በአሮጌ የዘይት ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ላይ የሚነበበው የዘይት ፋብሪካው ስም ነው፣ የንቡም የአናቢውም አይደለም። ከመጋዘን አከራይ ስም ተበድሮ አርባ ዓመት የኖረ ኩባንያ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ወጪውን በባሌ መስፈሪያ መስፈር ይቻላል። ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቁ አምስት ወጣቶች እያንዳንዳቸው በወር 25,000 ብር እየተከፈላቸው ሁለት ዓመት ቢሠሩ 3 ሚሊዮን ብር ነው። አዲስ ኮምባይነር በዚህ ገንዘብ አይገዛም፤ ወደ ዋጋውም አይጠጋም። በእርግጥ ኮምባይነሩ በመጀመሪያው መኸር ይከፍላል፤ አምስቱ ወጣቶች ግን በሁለት ዓመት መጨረሻ ሌላ ራዳር ስኮፕ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ይህ የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ ሦስት አራት የእህል ነጋዴዎች በአክሲዮን ተካፍለው ሊሸከሙት የሚችሉት ኪሳራ ነው፤ ከመግባታቸው በፊትም ገጸ ባሕሪው በማን ስም እንደሚመዘገብ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። በተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የሚሰጥ መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ቢቆጠሩም የባንኩ ብድር ኦፊሰር አሁንም መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤት ካርታ ነው። ቀበሮዋ ካርታ የላትም።